የመጀመሪያውን ድንጋጤ ለየትኛው? የጃፓን ሆረሮችና የሆሊውድ ሪሜኮቻቸው

«የጃፓኑን ልይ ወይስ የአሜሪካኑን?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ፊልም አውቃለሁ የሚል ሰው ሁሉ ሳያስብ የሚመልሰው «ኦሪጂናሉን ነዋ!» ብሎ ነው። እኔ ሙሉ በሙሉ አልስማማም። በደንብ ከሚታወቁት አምስት ጥንዶች በአንዱ ላይ ሪሜኩን (እንደገና የተሠራውን የአሜሪካ ቅጂ) አስቀድሙ እላለሁ። በሌላው ላይ ደግሞ ሪሜኩን ጨርሶ አትንኩት። የቀሩት እንደ ተመልካቹ ነው።

ሆረር ፊልም በደንብ የሚያስደነግጠው አንዴ ነው። ታሪኩ አንድ ከሆነ ሁለተኛ የምታዩት የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ እያወቃችሁ ነው የምታዩት። ስለዚህ ሁለቱንም ለማየት ብታስቡም ያንን የመጀመሪያ ድንጋጤ ለአንዱ መስጠታችሁ አይቀርም። ከታች የጻፍኩት ለየትኛው ብትሰጡት እንደሚያዋጣችሁ ነው። መጨረሻቸውን አልናገርም፤ በዚህ አትስጉ።

ከመክፈታችሁ በፊት ዓመቱን እዩ። የእንግሊዝኛ ስማቸው አንድ ዓይነት ወይም በጣም ተቀራራቢ ስለሆነ ብዙ ሰው አንዱን አይቶ ሌላውን ያየ ይመስለዋል። «ሪንግ» የጃፓኑ 1998፣ የአሜሪካኑ 2002 ነው። «ዘ ግራጅ» የጃፓኑ 2002፣ የአሜሪካኑ 2004 ሲሆን በ2020 ደግሞ ሌላ አለ። «ዳርክ ዋተር» 2002 እና 2005፤ «ፐልስ» 2001 እና 2006፤ «ዋን ሚስድ ኮል» 2003 እና 2008። ሁሉም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ስለ ጠቅላላ ልዩነታቸው ጥቂት ልበል። ፊቷን በረጅም ጥቁር ፀጉር የሸፈነችው፣ ነጭ የለበሰችው ሙት ትናንት የተፈጠረች አይደለችም። የጃፓኖቹ ጥንታዊ የካቡኪ ቲያትር ያውቃታል። በባሏ ክህደት የሞተችው የኦይዋ ታሪክ መድረክ ላይ የወጣው በ1825 ነው። በግፍ የሞተች ሴት ቂም ይዛ ትመለሳለች፤ ቂሟ ግን በበደላት ሰው ላይ አያበቃም። በመንገዷ ያለፈውን ሁሉ ይይዛል። ጥፋት የሌለበት ሰውም አይተርፍም። ሆሊውድ ይሄ አይዋጥለትም። ማን በደላት? ምን ፈልጋ ነው? ምን ቢደረግላት ትተወናለች? ሪሜኮቹ እነዚህን ጥያቄዎች ለመመለስ ይሮጣሉ። መልስ ሳያገኙ መተኛት የማይሆንላችሁ ከሆነ ይሄ ለእናንተ ጥሩ ዜና ነው።

«የአሜሪካኑ ደም ይበዛበታል» የሚሉም አሉ። አይበዛበትም። አምስቱም የአሜሪካ ቅጂዎች ሲኒማ ቤት የገቡት ፒጂ-13 በሚባለው ደረጃ ነው፤ ታዳጊዎች ትኬት እንዲገዙ ታስቦ ማለት ነው። የሚበዛባቸው ድምፅ ነው። የጃፓኖቹ ዝም ብለው ይቆዩና ክፍሉ ጥግ ላይ አንድ ነገር ያስቀምጣሉ፤ አያችሁት አላያችሁት ጉዳያቸው አይደለም። ስለዚህ ስልክ እየነካካችሁ የምታዩ ከሆነ ኦሪጂናሎቹን ተዉአቸው። ጃፓንኛ እየሰሙ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል ማንበብ ራሱ ዓይን ከስክሪን እንዳይነሳ ይፈልጋል። ቤት ሙሉ ሰው ተሰብስቦ እየተሳሳቀና እየተንጫጫ የሚታይ ከሆነም ሪሜኩ ይሻላል። ተርጓሚ በላዩ ላይ በአማርኛ እየተረከ የሚታየው ዓይነት ደግሞ ለጃፓኖቹ ፈጽሞ አይሆንም፤ ዝምታው ላይ ሰው ካወራበት ምን ቀረው?

ሪንግ፦ 1998 ወይስ 2002?

ታሪኩን የማያውቅ ጥቂት ነው። አንድ የቪዲዮ ካሴት አለ፤ ያየው ሰው በሳምንቱ ይሞታል። ጋዜጠኛዋ ካሴቱን ታየዋለች፤ ከዚያ በኋላ ሩጫ ነው። መነሻው ኮጂ ሱዙኪ በ1991 ያሳተመው ልቦለድ ሲሆን የጃፓኑን ፊልም ሂዴዮ ናካታ፣ የአሜሪካኑን ጎር ቨርቢንስኪ ሠሩት።

ልዩነታቸውን ለማየት ካሴቱን ብቻ ማነጻጸር ይበቃል። የናካታው ካሴት አጭርና ደረቅ ነው። አንዲት ሴት መስታወት ፊት ፀጉሯን ታበጥራለች። የጋዜጣ ፊደላት ይላወሳሉ። ራሱን በጨርቅ የሸፈነ ሰው በጣቱ ወደ ጎን ይጠቁማል። ከዚያ ጉድጓድ። አለቀ። ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ያገኘው፣ ሳይታሰብ የተቀዳ ነገር ይመስላል፤ የሚያስፈራውም ይሄው ነው። የቨርቢንስኪው የታጨቀ ነው። መሰላል፣ የሚነድ ዛፍ፣ ጥፍር የሚበሳ ምስማር፣ ፈረስ። የሥነ ጥበብ ተማሪ ለመመረቂያ የሠራው ይመስላል ብለው የሚያሾፉበት አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ግን አብዛኛው ምስል ፍንጭ ነው። ጋዜጠኛዋ አንድ በአንድ ስትፈታው አብራችሁ ትፈታላችሁ።

ስልኩም እንዲሁ ነው። ካሴቱ እንዳለቀ ስልክ ይጠራል። በጃፓኑ ፊልም ስልኩ ሲነሳ የሚሰማው የካሴቱን የመሰለ የሚሰቀጥጥ ድምፅ ነው፤ የሚናገር ሰው የለም። በአሜሪካኑ የልጅ ድምፅ «ሰባት ቀን» ትላለች። አንዱ ይተውሃል፣ ሌላው ቀጠሮ ይሰጥሃል።

አሁን ኦሪጂናል አፍቃሪዎች ይናደዱብኝ፤ እዚህ ላይ የመጀመሪያውን ድንጋጤ ለ2002ቱ እሰጣለሁ። ምክንያቴ የጃፓኑ አንድ ድክመት ነው። የጋዜጠኛዋ የቀድሞ ባል የተለየ ኃይል አለው፤ አንድ ነገር ወይም ሰው ሲነካ ያለፈው ይታየዋል። ምርመራው ሲከብድ ፊልሙ በዚህ አቋራጭ ይሾልካል። በአሜሪካኑ ጋዜጠኛዋን የምትጫወተው ናኦሚ ዋትስ መዝገብ ታገላብጣለች፣ ካሴቱን እያቆመች ትመረምራለች፣ ፍንጩ ወደሚመራት ደሴት ድረስ ትሄዳለች። ወደ ደሴቷ ስትሻገር ጀልባው ላይ ከአንድ ፈረስ ጋር የሚሆነው ነገር ደግሞ በጃፓኑ የለም። ሪሜክ የራሱን ነገር ሲጨምር እንዲህ ነው። ሙት የሌለበት፣ በጠራራ ቀን የሚሆን ነገር ሆኖ ከፊልሙ ሁሉ በላይ የሚረብሸኝ እሱ ነው።

ከሪሜኩ በኋላ የጃፓኑ አይበላሽም፤ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ርዝመቱ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ከአሜሪካኑ ወደ ሃያ ደቂቃ ያጥራል። ሙቷ ከቴሌቪዥኑ የምትወጣባት ያቺ ትዕይንት ደግሞ አስቀድማችሁ ብታውቋትም ትሠራለች። የጃፓኑን ሙት፣ ሳዳኮን፣ የሠራችውን ተዋናይት ወደ ኋላ አስኬደው ቀረጿት፣ ከዚያ ፊልሙን ገልብጠው አጫወቱት። ወደ ፊት ስትመጣ መገጣጠሚያዋ ሁሉ የተሳሳተ የሚመስለው ለዚህ ነው። ኮምፒውተር አልነካትም። የአሜሪካኗ ሳማራ ከስክሪኑ ወጥታም እንደ ተበላሸ ምስል ትርገበገባለች፤ ደስ ይላል፣ ግን ዘዴው ይታያል።

የአሜሪካኑ ወደ 48 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት በዓለም ዙሪያ 249 ሚሊዮን ገደማ አስገባ። ከዚያ በኋላ የመጣው የሪሜክ ጎርፍ በሙሉ የዚህ ገንዘብ ልጅ ነው። በ2005 ሁለተኛውን የአሜሪካ ክፍል እንዲሠራ ናካታን ራሱን አመጡት። እሱን ዝለሉት፤ የኦሪጂናሉ ዳይሬክተር መምጣቱ አላዳነውም።

ዘ ግራጅ፦ አንድ ዳይሬክተር፣ አንድ ቤት፣ ሁለት ፊልም

ይሄ ጥንድ ከሁሉም የተለየ ነው። ሁለቱንም የሠራው ታካሺ ሺሚዙ ነው። በ2000 ለቪዲዮ ብቻ በትንሽ ገንዘብ ጀመረው፣ በ2002 ለሲኒማ ሠራው፣ በ2004 ሳም ሬይሚ ፕሮዲውሰር ሆኖለት ለአሜሪካኖች ደገመው። ታሪኩ በአንዲት ሙት ቂም የተያዘ ቤት ነው፤ የገባበትን ሁሉ ይከታተላል። ቦታው አልተቀየረም፤ ቶኪዮ ነው። ሙቷን ካያኮን የምትጫወተው ታካኮ ፉጂ በሁለቱም አለች። ትንሹን ልጇን ቶሺዮን የሚጫወተውም ያው ልጅ ነው። ከካያኮ ጉሮሮ የሚወጣውን ያንን የተቆራረጠ፣ ማንኮራፋት የሚመስል ድምፅ ያወጣው ራሱ ሺሚዙ ነው።

የብርድ ልብሷን ትዕይንት ሁለቱም ላይ ታገኟታላችሁ። አንዲት ሴት የሚከታተላትን ነገር ፈርታ ቤቷ ትገባለች። አልጋዋ ላይ ትወጣለች። ትሸፋፈናለች። ሁላችንም በልጅነታችን ያመለጥነው እዚያ አይደል? ብርድ ልብስ ውስጥ ከተገባ ጅብም አይደርስም ነበር። ሺሚዙ የሚያስገባት እዚያው ነው፤ ብርድ ልብሱ ከውስጥ ቀስ እያለ ከፍ ይላል። ይሄን መጀመሪያ ያያችሁበት ፊልም ነው ውስጣችሁ የሚቀረው። የሊፍቱም፣ ፀጉር ስትታጠብ የሚሰማው ተጨማሪ እጅም እንደዚያው። ትዕይንቶቹ ስለተደገሙ የመጀመሪያው ሁሉንም ይወስዳል፤ ለሁለተኛው የሚተርፍ ትንሽ ነው።

እኔ ለ2002ቱ እሰጠዋለሁ። የጃፓኑ በሰዎች ስም በተከፋፈሉ ምዕራፎች ነው የሚሄደው፣ ጊዜው ደግሞ የተዘበራረቀ ነው። አንዱን ሰው ለመድነው ስትሉ ይወስደዋል፤ የሚቀጥለው ምዕራፍ ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ አታውቁም። የምትይዙት ዋና ገጸ ባሕርይ የለም ማለት ይቻላል። ለዚህ ነው የሚከብደው። ቤቱ ተራ ይጠብቃል፤ ማን እንደሚተርፍ መገመት አይቻልም። በአሜሪካኑም ጊዜው ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል፣ ግን ሳራ ሚሼል ጌላር አለች። ታዋቂ ፊት ስታዩ «እሷማ እስከ መጨረሻው አለች» ትላላችሁ። ፍርሃቱ እዚያው ይላላል።

ይሁንና የ2004ቱ አንድ የራሱ ሀብት አለው። አሜሪካኖቹ ቶኪዮ ውስጥ እንግዶች ናቸው። አንደኛዋ ሱፐርማርኬት ውስጥ የታሸገ ምግብ ከፍታ ታሸታለች፤ የተጻፈውን ማንበብ ስለማትችል። ትንሽ ትዕይንት ናት። ቋንቋውን በማይችልበት አገር የኖረ ሰው ግን ልቡ ይነካል፤ ባሏ ሥራ ውሎ እሷ ያን ቤት ውስጥ ብቻዋን መዋሏ ራሱ ከሙቷ በፊት የሚያስጨንቅ ነው። ስደት ላይ ላላችሁ፣ የታሪክ መዘበራረቅም ለሚያናድዳችሁ፣ የ2004ቱን አስቀድሙ ብዬ ብመክር አላፍርም። 10 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበት 187 ሚሊዮን ገደማ ያስገባው በከንቱ አይደለም።

የ2020ውን? ከሲኒማ ቤት የወጡ አሜሪካውያን ተመልካቾች ሲኒማስኮር በሚባለው የተመልካች ዳሰሳ የሰጡት ውጤት «ኤፍ»፣ ማለትም የመጨረሻው ዝቅተኛ፣ ነው። እኔም ከፍ አላደርገውም።

ዳርክ ዋተር፦ ለእናቶች የሚከብደው

በዚህ ፊልም ላይ ድንጋጤው ራሱ ሁለተኛ ነገር ነው። ናካታ በ2002 ያመጣው ይሄ ታሪክም ከሱዙኪ የወጣ ነው። የተፋታች እናት ትንሽ ልጇን ይዛ ያረጀ አፓርታማ ትገባለች። ልጇን ማን ያሳድግ በሚለው ከቀድሞ ባሏ ጋር ክርክር ላይ ናት። ጣሪያው ላይ የውኃ እድፍ አለ፤ በየቀኑ ይሰፋል። አንዲት ቀይ የልጅ ቦርሳ ደግሞ አለች፤ ትጥላታለች፣ ቦርሳዋ ትመለሳለች።

የጃፓኑ ጥንካሬ እናትየዋ ናት። ሥራ ፍለጋ ሄዳ ትዘገያለች፣ ልጅቷ መዋዕለ ሕፃናት በር ላይ ትጠብቃለች፣ ውጭ ዝናብ ነው። እናትየዋ ራሷ በልጅነቷ እንደዚያው ተጠብቃ ያልተመጣላት ናት። ሰዓት እየሄደ ከአለቃ ፊት መነሳት ያልቻለ ወላጅ ይሄን ሲያይ ሙት አያስፈልገውም። ጣሪያው ላይ ያለው እድፍ፣ ባለቤቶቹ ነገ እንጠግነዋለን የሚሉት፣ ያው ኑሮ ነው።

የአሜሪካኑን የብራዚሉ ዋልተር ሳሌስ ሠራው። ቦታው ኒውዮርክ ውስጥ ሩዝቬልት ደሴት ነው፤ ከማንሃተን በአየር ላይ በሽቦ የሚሄድ መጓጓዣ ይዞ ያደርሳል። ጄኒፈር ኮነሊ እናትየዋን ትጫወታለች፣ ጆን ሲ. ራይሊ ደግሞ ያን ግራጫ ሕንፃ እንደ ቤተ መንግሥት እያሞካሸ የሚያከራይ ደላላ ነው። ደላላ የምታውቁ ትስቃላችሁ። ሙዚቃው የአንጀሎ ባዳላሜንቲ ነው። ጨዋ፣ በደንብ የተሠራ ፊልም ነው። አያስፈራም። ችግሩም ጥቅሙም ያ ነው፦ ሆረር የማይወድ ሰው አጠገባችሁ ካለ ይሄን ክፈቱለት። ራሳችሁ ብቻ ከሆናችሁ የናካታውን።

ፐልስ፦ እዚህ ምርጫ የለም

የ2001ዱን የሠራው ኪዮሺ ኩሮሳዋ ነው። ሙታን በኢንተርኔት በኩል ወደ ሕያዋን ዓለም ይገባሉ። ሐሳቡ ሲነገር ተራ ይመስላል። ፊልሙ የሚያወራው ግን ስለ ብቸኝነት ነው፤ ሰው ስክሪኑ ፊት ተቀምጦ ቀስ በቀስ ሲጠፋ። ስልክ ኪሳችን ሳይገባ ገና በስልክ መስመር እየጮኸ ኢንተርኔት በሚገባበት ዘመን የተሠራ መሆኑን ሳስብ ይገርመኛል። በካን ፌስቲቫልም የዓለም አቀፍ ሃያስያንን ሽልማት ወስዷል።

አንድ ትዕይንት ላንሳ። አንድ ወጣት በሩ ዙሪያውን በቀይ ፕላስተር የታሸገ ክፍል ውስጥ ይገባል። ከወዲያኛው ግድግዳ አንዲት ሴት ወደ እሱ ትመጣለች። አትሮጥም። አትጮህም። ቀስ ብላ ትራመዳለች። መሃል ላይ እግሯ ይከዳትና ልትወድቅ ትላለች፤ አትወድቅም፣ ትስተካከልና ትቀጥላለች። ያቺ መንገዳገድ ናት ሰው የምታስጨርሰው። ለምን እንደሆነ ለመግለጽ ስንቱን ሞክሬ አልቻልኩም። ብቻ ሙቷ አካል እንዳላት፣ ክብደት እንዳላት፣ እንደምትደርስም ታውቃላችሁ።

የ2006ቱ ሪሜክ ክሪስተን ቤልን ይዟል፤ ስክሪፕቱ ላይም የታዋቂው ሆረር ዳይሬክተር የዌስ ክሬቨን እጅ አለበት። ፊልሙ ግን ማብራራት ይጀምራል። መንፈሶቹ በየት በኩል እንደገቡ፣ ሲግናል የሌለበት ቦታ እንደማይደርሱ፣ በምን ሊቆሙ እንደሚችሉ። ኔትወርክ የሌለበት ቦታ ከሄድክ ትድናለህ! ብቸኝነትን የኔትወርክ ችግር አደረጉት። ይሄን ያስቀደመ ሰው የኩሮሳዋን ፊልም ለራሱ ያበላሻል፤ ሌላ ሪሜክ ላይ እንዲህ ጨክኜ አልናገርም። ብቻ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የጃፓኑ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው፣ ቀስታውም ትታገሡታላችሁ ወይ የሚያሰኝ ነው። ደክሟችሁ ከሥራ በመጣችሁበት ማታ አትጀምሩት። ራስን ማጥፋትም በግልጽ አለበት፤ ልባችሁ በተጎዳበት ሰሞን ለሌላ ጊዜ አቆዩት።

ዋን ሚስድ ኮል

ስልክህ ይጠራል፤ የተቀመጠልህ መልእክት ከራስህ ነው፤ ቀኑ የወደፊት ነው፤ የምትሰማው የመሞቻህን ድምፅ ነው። የጃፓኑ የታካሺ ሚኬ ሥራ ነው፤ ግማሹ ከሪንግ የተቀዳ ይመስላል፣ ሚኬም የሚያውቀው ይመስለኛል። ቀኗ የደረሰባትን ልጅ ቴሌቪዥን ጣቢያ ወስደው በቀጥታ ሥርጭት ጸሎት የሚያስደርጉላት ክፍል ግን ብቻውን ለፊልሙ ይበቃል፤ ሰዓቱ እየቆጠረ፣ አቅራቢው ደስ ብሎት። የ2008ቱ የአሜሪካ ቅጂ የሃያስያንን አስተያየት በሚያሰባስበው ድረ ገጽ ሮተን ቶማቶስ ላይ ዜሮ በመቶ የያዘ ነው። ዜሮ። ጓደኛ ሰብስቦ ለመሳቅ ካልሆነ አያስፈልግም።

ጃፓናዊ ያልሆኑት «ጃፓኖች»

ከእነዚህ ጋር ተደባልቀው የሚወሩ ሦስት አሉ። ጄሲካ አልባ የሠራችበት «ዘ አይ» መነሻው የፓንግ ወንድማማቾች ፊልም ነው፤ የሆንግ ኮንግ ነገር እንጂ የጃፓን አይደለም። «ዘ አንኢንቫይትድ» (2009) የመጣው ከኮሪያ ነው፤ የኮሪያውን ሳታዩ የአሜሪካኑን ካያችሁ ትልቁን ምስጢር በርካሽ ሸጣችሁት ማለት ነው። «ሻተር» ደግሞ የታይላንድ ነው፣ 2004። ሰው የሚያደናግረው የ2008ቱን ሪሜክ ጃፓናዊው ማሳዩኪ ኦቺያይ ስለሠራውና ታሪኩንም ቶኪዮ ስላስቀመጠው ነው። የታይላንዱን እዩ። ፎቶግራፎቹ ላይ የሚወጣው ነገር ያው ነው፣ ፎቶ አንሺው የደበቀው በደል ግን በታይላንዱ በጣም ይከብዳል፤ አንገቱን ለምን እንደሚያመውም ያኔ ይገባችኋል።